ቡሊ የሚያደርገው ልጅ ማንን እያየ ነው?

አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ሌላውን ቡሊ አደረገ፣ ማለትም ደካማውን እየደጋገመ አጠቃ ወይ አሸማቀቀ ሲባል ወዲያው አፋችን ላይ የሚመጣው «ቤቱ ችግር ቢኖርበት ነው» ወይ «በራሱ ስለማይተማመን ነው» የሚለው ነው። ቤቱ የሚደበደብና የሚሰደብ ልጅ ያንኑ ይዞ ክፍል ሊገባ ይችላል፣ አልክድም። ግን ሁሉም እንደዛ አይደለም። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጉዳዩን ስዊድንና ኖርዌይ ውስጥ ያጠናው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳን ኦልቬየስ ቡሊ የሚያደርጉትን በደፈናው የበታችነት ስሜት ያለባቸው ልጆች ሆነው አላገኛቸውም፣ እንዲያውም ብዙዎቹ በራሳቸው የሚተማመኑ ነበሩ።

ታዲያ ለምን ያደርጉታል? እኔ የሚመስለኝ ስለሚያዋጣቸው ነው። በጉርምስና እድሜ ጓደኛ ምን አለ የሚለው እናትና አባት ከሚሉት በላይ ይከብዳል፣ እና አንዱን ደካማ መርጦ ሙድ የያዘበት ልጅ ክፍሉ ሲስቅለት በዛች ሰከንድ ትልቅ ሰው ይሆናል፣ ነገም ይደግመዋል፣ ለምን አይደግመውም?

ደብራ ፔፕለርና ዌንዲ ክሬግ የሚባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን እረፍት ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ በካሜራ ቀርጸው ሲያዩ፣ ቡሊ ሲደረግ ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ ገደማ ሌሎች ልጆች ቆመው ያያሉ። ለማስቆም የሚገባ ልጅ በጣም ጥቂት ነው፣ ሲገባ ግን ከግማሽ በላይ ጊዜ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። አስር ሰከንድ! ይሄን ሳነብ በጣም ነው የከበደኝ፣ ምክንያቱም እኔም ስማር ቆመው ከሚያዩት አንዱ ነበርኩ። አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር፣ አረማመዱን እያስመሰሉ ያሾፉበት ነበር፣ እኔ አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም ግን ስቄአለሁ፣ ያኔ ሳቄ ለሚያሾፈው ልጅ ምን እንደሆነለት አልገባኝም ነበር።

ፊንላንዶች ኪቫ የሚሉት ቡሊን መከላከያ የትምህርት ቤት ፕሮግራማቸው በዋናነት የሚሠራው ዳር ቆመው በሚያዩት ላይ ነው፣ ከጀርባው ያለችው ተመራማሪ ክሪስቲና ሳልሚቫሊ አንዱ አጥቂውን ይረዳል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ዝም ይላል፣ አንዱ ለተጠቃው ይቆማል ብላ ለይታ አጥንታለች። እኛ ግን የምንጠራው ሁለቱን ብቻ ነው፣ መቺና ተመቺ።

ሌላው የሚያናድደኝ ነገር አጥፊውን ክፍል ፊት አቁሞ ማዋረድ ነው። ልጁ ያንን ሁሉ ያደረገው ሰው እንዲያየው ነው፣ እኛ ደግሞ ክፍሉን ሙሉ ሰብስበን እናሳይለታለን፣ ያውም ጠንካራ ሰው ደካማውን በሰው ፊት ማሸማቀቅ እንደሚችል በራሳችን እያስተማርነው። ለብቻው ይጠራ፣ ያደረገው በስሙ ይነገረው፣ የተጎዳውን ልጅ የሚክስበት ነገር ይሰጠው። የሳቁትም አንድ በአንድ ይጠሩ፣ «ምን አየህ? ምን አደረግክ?» ተብለው ይጠየቁ።