ለክቡር ሪፈር ወረቀት፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጉልበቴን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከረሙ? እኛ ድሬዎች አንቱታ አይሆንልንም፤ ከንቲባውም ቢሆን «አንተ» ነው። ለእርስዎ ግን ጎንበስ ማለት ግድ ሆነብኝ። ሐኪም ፊት ቆሜ የለመንኩት መድኃኒት አይደለም፤ እርስዎን ነው።

ጤና ጣቢያ የሄድኩት ጉልበቴ አሞኝ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ጉልበቴን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ጫን ጫን አደረገ። ወድቀሃል? አብጦ ያውቃል? ትኩሳትስ? ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስሃል? ለሁሉም «የለም» አልኩ። «ለጊዜው ስፔሻሊስት አያስፈልግህም፤ ክብደት ቀንስ፣ ይቺን እንቅስቃሴ ሥራ፣ ካልተሻለህ ተመለስ» አለኝ። አቦ ተወና! ከሳቢያን በባጃጅ እየተንቀጠቀጥኩ የመጣሁት ቁጭ ብድግ እንድሠራ ነው? ጮህኩ። በር ላይ የተሰለፈውም አገዘኝ። ልጁ ላቡን ጠረገ፣ ሰልፉን አየ፣ እርስዎን ከመሳቢያ አወጣና «ለተሻለ ሕክምና» ብሎ ጻፈ።

እንግዲህ እርስዎ የሚወለዱት እንዲህ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የላቦራቶሪ ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) ሲያልቅ ይወለዳሉ። ራጅ ማሽን ሲበላሽም እንደዚያው። ሐኪሙ «ነገ አንድ ነገር ቢሆንስ» ብሎ ሲፈራማ መንታ ሆነው ይመጣሉ። የጤና መድን ደብተር የያዘ ሰው ደግሞ ያለ እርስዎ ሆስፒታል ቢሄድ ሙሉ ሽፋን አያገኝም። ታዲያ ማን ይጋፋዎታል?

ከእኔ ቀጥሎ አንዲት እናት ነበሩ። ወገባቸውን ነው የሚያማቸው። የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። እሳቸው ግን እግራቸው እየዛለ ነው፤ ሽንታቸውንም መቆጣጠር አቅቷቸዋል። ይሄ በዚያው ቀን የሚያስልክ ምልክት ነው። እሳቸው ጮኹ? አልጮኹም። «ልጄ፣ ማስታገሻ ብቻ ስጠኝ» አሉ። ሽንቱን ለመናገር አፍረዋል፤ ሐኪሙ እንዳይጠይቃቸው ሰዓታቸውን ጉልበቴ በልቶታል።

ደንቡማ ቆንጆ ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40 ሺህ ሰው ይታሰባል፤ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ። መሐል ላይ ሌሎች ደረጃዎች አሉ። ሁሉም ጉልበት ወደ ላይ ከወጣ ላይኛው ቤት ምን እንደሚሆን ለማስላት ሒሳብ አዋቂ አያስፈልግም። ድሬ ካልተቻለ የደንገጎን ተራራ ወጥተን ሐረር፣ ሐረር ካልተቻለ አዲስ አበባ። ታማሚዎቻችን ከሐረር ወደ እኛ ከሚላኩት ጋር ደንገጎ ላይ በመስኮት ሰላም ሳይባባሉ አይቀሩም።

እኔም ደረስኩ። ሪፈር የሚቀበለው ሊያዞን ቢሮ፣ ካርድ ክፍል፣ ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ። በመጨረሻ ስፔሻሊስቱ ጉልበቴን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ጫን ጫን አደረገ። «ክብደት ቀንስ» አለኝ። እሱ ሲለው ግን እንዴት ደስ ይላል!

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ግርጌዎ ላይ «ግብረ መልስ» የሚል ቦታ አለ። ስፔሻሊስቱ ያገኘውን ጽፎ ለላከው ሐኪም የሚመልስበት ነው። የእኔው ባዶውን ፋይል ውስጥ ገባ። ያ ልጅ ትክክል እንደነበር የሚነግረው የለም። የላከው ሁሉ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ካልሰማ፣ ማንን መላክ ማንን ይዞ መከታተል እንዳለበት ከየት ይማር? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ጀምሯል፤ ይሄንን መለየት አንዱ ሥራቸው ነው። እነሱ እስኪበዙልን ግን ልጁ ነገም የጮኸበትን ይልካል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ግርጌዎን ቢያስሞሉ ምን ይመስልዎታል? ሁለት መስመር ትበቃለች። ማኅተሙን ተዉት።

ከአክብሮት ጋር
ክብደት ያልቀነሰው ድሬ

ግልባጭ፦
ለካርድ ክፍል
ለማኅተም ያዥዋ (ምሳ ካልወጣች)
ለባጃጅ ነጂዬ፤ ከዚህ ሁሉ ያተረፈ እሱ ብቻ ስለሆነ