ክርክር ያሸነፈ ወደ ቤቱ ይሂድ

የአሜሪካ ፓርቲዎች ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን ሰው ከመምረጣቸው በፊት ተፎካካሪዎቹን ካሜራ ፊት አሰልፈው የሚያከራክሩት መራጩ ሐሳባቸውን እንዲመዝን ነው ይባላል። ሐሳብ የሚመዝን ተመልካች ግን እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። በተለይ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ ከበልሃ ልበልሃ ዘመን የወረስነው የሙግት ፍቅር ስላልለቀቀን፣ የጤና መድን ዕቅዱን አዳምጠን ሳንጨርስ ሰውየው እንዴት እንደቆመ፣ ግንባሩ አልቦት እንደሆነና ባላጋራው ሲናገር ፊቱን እንዴት እንዳደረገ አይተን እንፈርዳለን። ፍርዳችንም ይግባኝ የለውም።

እኔም ከእነዚሁ ዳኞች አንዱ ነኝ፤ ብዙ ሌሊት አምሽቼ ከፈረድኩ በኋላ የደረስኩበት ድምዳሜ ደግሞ የቅድመ ምርጫ ክርክርን እንደማሸነፍ ያለ ለዕጩ አደገኛ ነገር የለም የሚል ነው።

የያኔውን የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ ክሪስ ክሪስቲን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ኒው ሃምፕሸር ላይ በተካሄደው የሪፐብሊካኖች ክርክር፣ ተፎካካሪያቸውን ሴናተር ማርኮ ሩቢዮን የሸመደዱትን የ25 ሴኮንድ ንግግር ከመድገም በቀር ሌላ አያውቁም ብለው ወነጀሏቸው። ሩቢዮም ውንጀላውን ሊያስተባብሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ባራክ ኦባማ የሚሠሩትን ጠንቅቀው ያውቃሉ የምትለዋን ያችኑ ንግግር መልሰው አወረዷት። ክሪስቲ «ይኸው!» ብለው ለአዳራሹ አመለከቱ። ሩቢዮ አሁንም ደገሟት። በየሳሎኑ የተቀመጥነው ዳኞች ሩቢዮ አለቀላቸው ብለን በአንድ ድምፅ ወሰንን፤ እውነትም ከሦስት ቀን በኋላ መራጩ አምስተኛ አደረጋቸው። ስድስተኛ የወጡት ክሪስቲ ናቸው። በማግስቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከውድድሩ የወጡትም እኒሁ ባለድል ሲሆኑ፣ ንግግር ደጋሚው ሩቢዮ በ2025 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

በዚያው ምሽት ሐኪሙ ቤን ካርሰን ስማቸው ሲጠራ ከጭብጨባው የተነሣ ሳይሰሙ መግቢያው ላይ ቆመው መቅረታቸውን ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። ካሜራው ፊታቸው ላይ ተተክሎ፣ ሌሎቹ ዕጩዎች በጎናቸው እያለፉ ሲገቡ፣ እርሳቸው እጃቸውን አንጠልጥለው ጥሪ ይጠብቃሉ። ትንሽ ቆይቶ ዶናልድ ትራምፕም መጥተው አጠገባቸው ቆሙ። እኔ በበኩሌ ለካርሰን ሙሉ ነጥብ ሰጥቻቸዋለሁ፤ በዚያ ምሽት ያን ያህል ጊዜ ምንም ሳይሳሳቱ የቆዩ ዕጩ እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ካማላ ሃሪስም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። በጁን 2019 ማያሚ ላይ፣ በዴሞክራቶች ክርክር፣ ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን ለማቀላቀል በአውቶቡስ የማመላለሱን ጉዳይ አንሥተው ጆ ባይደንን መውጫ መግቢያ ካሳጧቸው በኋላ፣ እንዲያ በአውቶቡስ ስለተመላለሰች አንዲት ልጅ ተርከው «ያች ትንሽ ልጅ እኔ ነበርኩ» ያሉት ቃል ወዲያው ካናቴራ ላይ ታትሞ ለሽያጭ ቀረበ። ካናቴራው በቅጡ ሳያረጅ፣ በዲሴምበር፣ ቅድመ ምርጫው የሚጀመርባት አዮዋ አንድም ድምፅ ሳትሰጥ ሃሪስ ውድድሩን አቋረጡ። የተረቱት ባይደን ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ረቺዋንም ምክትላቸው አደረጓቸው።

የመረታት በረከት በሙላት የታየው ግን በያኔው የቴክሳስ አገረ ገዥ በሪክ ፔሪ ነው። በኖቬምበር 2011 ሚሺጋን ውስጥ፣ ሥልጣን ስይዝ ሦስት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን እዘጋለሁ ብለው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ንግድ አሉ፤ ትምህርት አሉ፤ ሦስተኛው ጠፋ። ወደ ወረቀታቸው ቢያቀረቅሩ የለም፣ ወደ ጣሪያው ቢያንጋጥጡ የለም፤ ጎረቤት ዕጩዎች አዝነው የመሥሪያ ቤት ስም ቢያቀብሏቸውም እሱ አይደለም። በመጨረሻ «ኡፕስ» ብለው ተገላገሉ። የጠፋባቸው የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ነበር። በ2017 ትራምፕ ሚኒስትር አድርገው የሾሟቸው የት ይመስላችኋል? ሊዘጉት ስሙን ያጡት ቤት ውስጥ ወንበር ተሰጣቸው።

ይህን ሁሉ በሚገባ ያጤኑ የሚመስሉት ትራምፕ ራሳቸው ናቸው፤ ለ2024ቱ ምርጫ በተካሄዱት የፓርቲያቸው ክርክሮች አንዱም ላይ አልተገኙም። በኦገስት 2023 ሚልዋኪ ላይ ስምንት ሰዎች እርሳቸው በሌሉበት ሲነታረኩ፣ ትራምፕ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ቢላቸው እንኳ የፓርቲው ዕጩ ከሆኑ የምትደግፏቸው እጃችሁን አውጡ ተባሉ። ስድስቱ አወጡ። ሮን ዴሳንቲስ ከማውጣታቸው በፊት ግራ ቀኝ ገልመጥ አሉ፤ ጥያቄውን ሳያጠና ፈተና የገባ ተማሪ አጠገቡ ያለውን ሲያይ እንዲሁ ነው። ዕጩነቱን የወሰዱት፣ እንደምታውቁት፣ ያልመጡት ናቸው።

እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ይህ የዳኝነት ሥራ ሌላም ጣጣ አለው። የእኛ የቅድመ ምርጫ ቀን ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ በበጋ የፈረድንላቸው ሰዎች የድምፅ መስጫው ወረቀት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ወደ ቤታቸው ገብተዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ጎረቤቴ፣ በፌብሩዋሪ 2020 ላስ ቬጋስ ላይ ሴናተር ኤልዛቤት ዋረን ባለሀብቱን ተፎካካሪያቸውን ማይክል ብሉምበርግን አጥብቀው ሲሞግቷቸው አይተው ከሶፋው ብድግ ብለው አጨብጭበዋል። ብሉምበርግ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው ያሸነፉት ትንሿን የፓስፊክ ደሴት ግዛት አሜሪካን ሳሞዋን ብቻ ሆነና በማርች መጀመሪያ ተሰናበቱ፤ በማግስቱ ዋረንም ተከተሏቸው። በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጁን ለተገፋው የሜሪላንድ ምርጫ ወረቀቱ በፖስታ ሲደርሰን፣ ከውድድር የወጡት ሰዎች ስም ጭምር ተደርድሮበት ነበር።

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ እኮ ከወጡ ሦስት ወር ሊሞላቸው ነው» አልኳቸው፣ ብዕራቸው ዋረን ስም ላይ ሲያርፍ ባይ።

«ታዲያ ክርክሩን ያሸነፈችው እሷ አይደለችም እንዴ?» አሉኝና ክቧን በጥቁር ቀለም ጥርቅም አድርገው ሞልተው፣ የሚቀጥለው ክርክር መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።