ሃዘስን ያነገሠው ጉሮሮው ነው ወይስ መከራው?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «አንድሬ ሃዘስን ያነገሠው ከሙያው ይልቅ መከራው ነው»። ሃዘስ እ.ኤ.አ. በ1951 አምስተርዳም ተወልዶ በ2004 በ53 ዓመቱ ያረፈ ሆላንዳዊ ድምፃዊ ነው። አገሬው «ሌቨንስሊት»፣ የሕይወት ዘፈን የሚለውን የተርታ ሰው እንጉርጉሮ ከመጠጥ ቤት አውጥቶ ስታዲየም ያስገባው እሱ ነው።

ደጋፊ፦ ከስንብቱ ልጀምር። ባረፈ በአራተኛው ቀን አስከሬኑ በአያክስ ስታዲየም መሐል ሜዳ ላይ አርፎ 50 ሺህ ያህል ሰው ተሰናበተው። በዓመቱ ደግሞ አመዱ በርችት ሮኬት ሰማይ ላይ ተበተነ። ይህ ሁሉ ለዜማ ብቻ ነው? ሃዘስ ያደገው በአምስተርዳሙ ደ ፔይፕ፣ ያኔ የሠርቶ አዳሪ ሰፈር በነበረው ነው። በ1959፣ በስምንት ዓመቱ፣ ለእናቱ ስጦታ መግዣ ሳንቲም ፍለጋ በአልበርት ኮይፕ ገበያ ሲዘፍን ተዋናዩ ጆኒ ክራይካምፕ ሰማውና ቴሌቪዥን ላይ አቀረበው። ሸክላም ታተመለት፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ከዚያ ሥጋ ቤት፣ ግንባታ፣ ገበያ፣ በመጨረሻም መጠጥ ቤት መቅዳት። ድምፁማ ከልጅነቱም ነበረው። የጎደለው ሰው ከንፈር የሚመጥለት ታሪክ ነበር።

ተቃዋሚ፦ ወዳጄ፣ የሕፃን ድምፅና የጎልማሳ ድምፅ አንድ ነው ማለትዎ አስገረመኝ። በ1976 ስለ ብቸኛ ሰው የገና በዓል ያንን የታወቀ ዘፈን ሲጽፍ ያሰበው ለዝነኛው ድምፃዊ ለዊሊ አልበርቲ ነበር። አልበርቲ ግን «አንተው ዝፈነው» አለው። የመጠጥ ቀጂውን የግል ብሶት ያኔ ማን ያውቀው ነበር? የተሰማው ሥራው ነው። ቀጥሎ የመጣው «ደ ፍሊኸር» የተባለው ዘፈኑ ደግሞ የካይት ዘፈን ነው። ልጅ ለአባቱ «ካይቴን ላብርር፤ ሰማይ ላለችው እናቴ ደብዳቤ አስሬበታለሁ» ይላል። ለቅሶ የለ፣ ዋይታ የለ፤ ወረቀትና ክር ብቻ። ሐዘንን እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ማሳየት የገጣሚ እጅ ይጠይቃል። መከራማ በደ ፔይፕ በየደጁ ነበር፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ግን ሃዘስ አልሆኑም። በ1981 ከፕሮዲዩሰሩ ከቲም ግሪክ ጋር ያወጣው «ኸዎን አንድሬ» አልበምም በብዛት የተሸጠው ያለ ሙያ አይደለም።

ደጋፊ፦ የካይቱን ዘፈን ሲያነሱ ትንሽ ልቤ ተነካ፤ አልዋሽም። ግን «ዘይ ኸሎፍት ኢን መይ» («በእኔ ታምናለች») የተባለው ዘፈኑስ? ኬኒ ሮጀርስ ያስታወቀው የአሜሪካኖች ዘፈን ትርጉም ነው። በ1988 ለአውሮፓ ዋንጫ የዘፈነውም ዜማው ጥንታዊ የስኮትላንድ ዜማ ነው። የተማረው ሆላንዳዊ ሲንቀው ኖሮ መቼ እጁን የሰጠ ይመስልዎታል? በ1999፣ ጆን አፔል ስለ እሱ የሠራው ዘጋቢ ፊልም ወጥቶ በአምስተርዳም የዘጋቢ ፊልሞች ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት ሲወስድ። በዚያ ፊልም ያዩት ቢራውን፣ ፍርሃቱን፣ የቤቱን ጭቅጭቅ ነው። እኔም ያየሁት እሱን ነው።

ተቃዋሚ፦ ፊልሙ አዲስ ወዳጅ እንዳመጣለት እቀበላለሁ። እነሱ ግን ዘግይተው የደረሱ እንግዶች ናቸው። ትርጉሙን በተመለከተ፣ ሮጀርስ ያንን ዘፈን በለሆሳስ ነው የሚለው። ሃዘስ ሲይዘው ግን ሚስቱ ደጅ እንዳትዘጋበት የሚለምን ባል ይሆናል። ቃሉ ቢወረስም ልመናው የራሱ ነው። ደግሞም በስታዲየሙ ሕዝቡ አብሮት እየዘፈነ ነበር የሸኘው። ላዘኑለት ሰው ገንዘብ ይዋጣለታል፤ ግጥሙን በቃል ማጥናት ግን ሌላ ነገር ነው።

ደጋፊ፦ በካይቱ ረትተውኛል። በስታዲየሙ ግን አልተረታሁም፤ ያን ዕለት በየቤቱ በቴሌቪዥን ፊት ካለቀሰው ሚሊዮን ሕዝብ ስንቱ ነው አልበሙን የገዛው?