ማስተካከያ፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ «ሕመሙን ቻሉት» ስላልኩት

ባለፈው ሳምንት ከጅማ በጻፍኩት ላይ «ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ ማስታገሻ ሱስ ስለሚያስይዝ ሕመሙን መቻል ይሻላል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሆዱ የተከፈተ ሰው ካመመው በደንብ አይተነፍስም። አክታውን አያስልም። ከአልጋም አይወርድም። ያኔ የሳንባ ምች ሊመጣ ይችላል። እግር ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ደግሞ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ማስታገሻው ሐኪም ባዘዘው ሰዓት ይወሰድ፤ ሕመሙ እስኪጠና አይጠበቅ። ጠንካራው ማስታገሻም ቢሆን ለጥቂት ቀናት በክትትል ሲሰጥ ሱስ የማስያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ እናት «ሰው ምን ይለኛል» ብለው ጥርሳቸውን ነክሰው ተኝተው ነበር። ነርሷ መድኃኒቱን ሰጥታ፣ የታጠፈ ጋቢ ሆዳቸው ላይ አሳቅፋ አሳለቻቸው። በማግስቱ ኮሪደሩን እጄን ይዘው ዞሩ።

ከቀዶ ሕክምና በፊት ስላለው ጾም «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውሃም ክልክል ነው» ያልኩትም ለሁሉም አይሠራም። ለአብዛኛው አዋቂ ቀለል ያለ ምግብ ለቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ውሃ ደግሞ 2 ሰዓት ሲቀረው ነው የሚቆመው። ወተት የገባበት ቡና ግን እንደ ምግብ ይቆጠራል። የእርስዎ ሐኪም የተለየ ነገር ካዘዙ እሱን ይከተሉ።