«ለምንድን ነው የማይሸሹት?»

መጽሐፉን ያዋስኳት ጓደኛዬ ልትመልስልኝ ስትመጣ ተናዳ ነበር። ቡናው ሳይቀዳ ጀመረች። «ምን ነክቷቸው ነው? መኪና ይነዳሉ። መንገዱ ክፍት ነው። አጥር የለ፣ ዘበኛ የለ። ለምንድን ነው የማይሸሹት?»

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። የካዙኦ ኢሺጉሮን «ኔቨር ሌት ሚ ጎ» ያነበበ ብዙ ሰው ይህንኑ ይጠይቃል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ጠይቄያለሁ። ተናድጄም ነበር። አሁን ግን ጥያቄው አቅጣጫውን የሳተ ይመስለኛል። ለምን እንደሚመስለኝ ልናገር።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ላስረዳ። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በዚያው ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር። ኢሺጉሮ ናጋሳኪ ውስጥ በ1954 ተወልዶ፣ በአምስት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ እንግሊዝ የሄደ ደራሲ ነው። በ2017 ደግሞ በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ የሚካሄደው በ1990ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ነው። ግን እኛ የምናውቃት እንግሊዝ አይደለችም። እዚያ ልጆች ከሌላ ሰው እየተቀዱ ይፈጠራሉ። ያድጋሉ፣ ይማራሉ። ካደጉ በኋላ የሰውነት ክፍላቸው በየተራ እየተወሰደ ለሌላው ሰው መዳኛ ይሆናል። አራተኛው ተራ የመጨረሻው ነው። ብዙዎቹ እዚያም አይደርሱም። ይህን መናገሬ ንባባችሁን አያበላሽም። ደራሲው ራሱ ምስጢሩን አጥብቆ አይደብቅም።

ታሪኩን የምትነግረን ካቲ ናት። 31 ዓመቷ ነው። ከሩት እና ከቶሚ ጋር ሄይልሻም በሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት አድጋለች። አሁን ሥራዋ የራሷ ተራ እስኪደርስ ድረስ ሌሎቹን ለጋሾች መንከባከብ ነው። እንግሊዝኛው ለዚህ ሥራ የሚጠቀምበት ቃል ተራ ቃል ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን በአማርኛ «አስታማሚ» የሚለው ቃል መጣልኝ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ሌላ ሆነብኝ።

አስታማሚ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ከአልጋው ሥር ቁጭ ብሎ የሚያድረው ነው። እኔም አክስቴን አስታምሜያለሁ። ሐኪሞቹ ያሉትን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሌሊቱን የምናወራው ግን ስለ በሽታዋ አልነበረም። ስለ ድሮ ጎረቤቶቻችን ነበር። ማን ከማን ጋር በምን እንደተኳረፈ። አንድ ፋሲካ ገመዷን በጥሳ ስለጠፋች በግ። በጓ ነጭ ነበረች ወይስ ቡናማ በሚለው ላይ ተከራክረን ነርሷ መጥታ ዝም አስብላናለች። ያኔ ማናችንም ስለ መሸሽ አላሰብንም። ወዴት ይሸሻል?

ካቲም የምታደርገው ይህንኑ ነው። በሽተኞቿ አጠገብ ተቀምጣ ስለ ሄይልሻም ታወራለች። አንዱ በሽተኛዋ ልጅነቱ ጥሩ አልነበረም። ስለዚህ የእሷን ደጋግማ እንድትነግረው ይጠይቃታል። የእሷ ትዝታ የራሱ እንዲመስለው ይፈልጋል። ይህን ገጽ ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ሰው ሊሞት ሲል የሚለምነው ሕይወት ብቻ አይደለም፤ ደህና ልጅነትም ይለምናል።

ወደ ዕጣ ፈንታ ልምጣ። ብዙ ሰው መጽሐፉን «የተጻፈልንን ዕጣ ስለ መቀበል ነው» ይላል። እኛ ደግሞ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለን፤ የአርባ ቀን ዕድል እንላለን። ነገሩ ከአቅማችን በላይ ሲሆን ያጽናናናል። እኔ ግን የእነ ካቲን ነገር በዚህ ቃል መጥራት አልችልም። የእነሱ ዕጣ ከላይ አልመጣም። ሰው ነው የጻፈው። ካንሰር የሚድን በሽታ ሆነ። ልብ የሚደክመው ሰው ሌላ ልብ አገኘ። ከዚያ በኋላ ማን ወደ ኋላ ይመለስ? ማንም ስለ ልጆቹ ማሰብ አልፈለገም። ማሰብ ግድ ሲሆንም፣ እንደኛ ሰው አይደሉም ብሎ ራስን ማሳመን ቀለለ። ይህን በመጨረሻ የምትነግራቸው የቀድሞዋ ርዕሰ መምህርት ሚስ ኤሚሊ ናት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም ለእነሱ የታገለች ናት። እንዲህም ሆኖ፣ ልጆቹን ትፈራቸው እንደነበር፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ፍርሃቷንና መጸየፏን ስትታገል እንደኖረች አልደበቀችም።

ታዲያ ሰው የጻፈውን ዕጣ ልጆቹ ለምን ዝም ብለው ይቀበላሉ? ኢሺጉሮ የሚመልሰው በሁለት ነገር ነው።

አንዱ ቋንቋ ነው። በዚያ ዓለም ሰው አካሉን አይወሰድበትም፤ «ይለግሳል»። አይሞትም፤ «ያጠናቅቃል»። እኛም ሞትን በስሙ አንጠራም። አረፈ፣ አለፈ እንላለን። የእኛ ቃላት ግን የሞተውን ሰው ያከብራሉ። «አጠናቀቀ» የሚለው ስለ ሰው አይመስልም። የሥራ ሪፖርት ላይ የሚጻፍ ነው የሚመስለው። ካቲ ቃሉን ያለ ምንም ድንጋጤ ስትጠቀምበት፣ ያደገችበት መሆኑ ይገባችኋል። ሌላ ቃል የሰጣት የለም።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ልጆቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይነገራቸዋል፤ ግን ሁልጊዜ ሊገባቸው ከሚችልበት ዕድሜ ትንሽ ቀደም ብሎ። ሲገባቸው ነገሩ አሮጌ ወሬ ሆኗል። ሚስ ሉሲ የምትባል መምህርት ይህን መሸከም ያቅታታል። ልጆቹ 15 ዓመት ሆኗቸዋል። ዝናብ ይዘንባል። ሁለቱ አሜሪካ ሄደው ተዋናይ ስለ መሆን ያወራሉ። ሚስ ሉሲ ታቋርጣቸዋለች። ማናችሁም አሜሪካ አትሄዱም፣ ማናችሁም ሱፐርማርኬት እንኳ አትሠሩም፣ የተፈጠራችሁበት ምክንያት አንድ ነው ትላቸዋለች። ተነግሯችኋል፣ ግን አልተነገራችሁም ትላቸዋለች። ልጆቹስ ምን አሉ? ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው፣ እናውቅ የለ እንዴ አሉ። በቃ። ይህቺ ምላሽ ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ አስፈሪዋ ናት።

እንግዲህ ጓደኛዬን እዚህ ላይ ነው የጠየቅኳት። ካቲ በየመሃሉ አንባቢውን «እናንተ ባደጋችሁበት እንዴት እንደነበረ አላውቅም» እያለች ነው የምታወራው። ማንን ነው የምታናግረው? አንድ ዓይነት ዕጣ ያለበትን ሌላ ሰው ነው። እኛን ከነሱ እንደ አንዱ ቆጥራናለች። እኛስ? መጨረሻችንን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ቀብር ይዘውን የሄዱት ምንም በማይገባን ዕድሜ ነው። አውቀን ምን አደረግን? ትምህርት ቤት ሄድን፣ ተኳረፍን፣ ታረቅን፣ የቤት ኪራይ ከፈልን። ጓደኛዬ መልስ አልሰጠችኝም። ሲኒዋን አስቀምጣ መስኮቱን አየች።

ይህን ስል ግን መጽሐፉ ስለ ሞት ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ለእኔ ከሁሉም በላይ ስለ ጓደኝነት ነው። እሱም የእውነተኛ ጓደኝነት፤ ቅናት ያለበት፣ ውሸት ያለበት።

ሩት ልጅ ሳለች አንድ የሚያምር የእርሳስ መያዣ ነበራት። ልጆቹ በጣም የሚወዷት መምህርት የሰጠቻት እንዲመስል ታደርጋለች። በግልጽ አትዋሽም። ፈገግ ትላለች፣ በቃ። ካቲ ነገሩ ያብከነክናታል። አንድ ቀን እንደ ዋዛ፣ የሽያጩን መዝገብ ሳገላብጥ ነበር ትላታለች። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አልፎ አልፎ ያገለገሉ ዕቃዎች ይሸጣሉ፤ ማን ምን እንደገዛ ይመዘገባል። ሩት ወዲያው ገባት። ፊቷ ተለዋወጠ፣ ዕንባዋ ሊመጣ ደረሰ። ካቲ ያሸነፈችው በዚያች ደቂቃ ነበር፤ ወዲያውም ተጸጸተች። ከዚያ በኋላ ለቀናት የምትካስበትን መንገድ ፈለገች። ሌላ ልጅ መጥታ ሩትን «ይሄን ከየት አመጣሽው?» ብላ ስታፋጥጣት፣ ካቲ ቀድማ መለሰች። ከየት እንደመጣ የማንናገርበት በቂ ምክንያት አለን አለች።

ገመና መሸፈን የምንለው ይህ ነው። ውሸት መሆኑን እያወቀች ሸፈነችላት። ለእኔ የካቲ ሰውነት የሚታየው እዚህች ትንሽ ቦታ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ልጆቹ ነፍስ እንዳላቸው ለዓለም ለማሳየት ሥዕላቸውን ይሰበስብ ነበር። ማንም ይህን የእርሳስ መያዣ ነገር አልመዘገበም። ከሥዕሉ ይልቅ ማስረጃው ግን እሱ ነበር።

ሩት በኋላ ትልቅ በደል ትበድላለች። ካቲ እና ቶሚ እንደሚዋደዱ እያወቀች ለዓመታት ትለያቸዋለች። የምትናዘዘው አካሏ ከደከመ በኋላ ነው። የሚገርመኝ፣ ካቲ ይህን ስትነግረን ሩትን አትረግማትም። ይህ ጥሩ ነበር፣ ያ ደግሞ አሳምሞኝ ነበር እያለች ትቀጥላለች። አንዳንዴም ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ሩት በሌላ መንገድ ነበር የምታስታውሰው ትላለች። የሞተ ጓደኛን የትዝታ ድርሻ ጠብቆ ማስቀመጥ ምን ያህል ትልቅ ነገር ነው። እኔ ዛሬም በጓ ነጭ ነበረች ባይ ነኝ። አክስቴ ግን ቡናማ ናት እንዳለች ነው ያረፈችው። ስለ በጓ ለሰው ሳወራ ሁለቱንም እናገራለሁ።

ርዕሱን ወደ አማርኛ ልመልሰው ሞክሬ ተቸግሬያለሁ። «አትልቀቀኝ» ነው? «አትልቀቂኝ» ነው? እንግሊዝኛው ማን ማንን እንደሚለምን አይናገርም። የእኛ ቋንቋ ግን መምረጥ ግድ ይለዋል። ነገሩ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ርዕሱ የአንድ ዘፈን ስም ነው፤ ካቲ በልጅነቷ በካሴት ትሰማዋለች። ዘፋኟ ፍቅረኛዋን «ቤቢ» እያለች ትለምናለች። ካቲ ግን ሕፃን ልጇን የምትለምን እናት አድርጋ ነው የምትሰማው። እነ ካቲ መውለድ አይችሉም። እኛም ፍቅረኛንም ሕፃን ልጅንም «እናቴ»፣ «አባቴ» ብለን ስለምንጠራ፣ ይህ የካቲ ስህተት በአማርኛም ይሠራል። 11 ዓመቷ ነው፣ ትራስ አቅፋ ብቻዋን ትደንሳለች። ዞር ስትል ማዳም የሚሏት እንግዳ ሴት በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ማዳም ያየችው ሌላ ነበር። ደግ የነበረውን አሮጌ ዓለም ደረቷ ላይ አቅፋ አትልቀቀኝ የምትል ልጅ ነበር ያየችው። እኔ በመጨረሻ «አትልቀቁኝ» የሚለውን መረጥኩ። ሁሉንም በአንዴ የምትለምን ትመስለኛለች።

መቀበልን በተመለከተ አንድ የሚቀረኝ ነገር አለ። በእርግጥ የተዋደዱ ጥንዶች ልገሳቸው ሦስት ዓመት ይዘገይላቸዋል የሚል ወሬ ነበር። ካቲ እና ቶሚ ይህን ሊለምኑ ይሄዳሉ። ነፃነት አይደለም የሚጠይቁት፤ ሦስት ዓመት ነው። ወሬው ውሸት ሆኖ ያገኙታል። ሲመለሱ በጨለማ ቶሚ መኪናውን አስቁሞ ይወርዳል። ጭቃ ሜዳ ውስጥ ገብቶ ይጮኻል፣ አየሩን በቡጢ ይመታል። ካቲ ሮጣ ሄዳ ነፋሱ እየገፋቸው አጥብቃ ትይዘዋለች። ልጅ ሳለም እንዲህ ይጮህ ነበር፤ ሁሉም ይስቁበት ነበር። ምናልባት ያኔም ልብህ አውቆት ይሆናል ትለዋለች። እነዚህ ልጆች በዕጣቸው ተስማምተዋል የሚለኝ ሰው ካለ ይህን ሜዳ አሳየዋለሁ። መቀበል ሌላ፣ መስማማት ሌላ።

አራተኛው ሲቃረብ ቶሚ ሌላ አስታማሚ ይጠይቃል። ካቲ እንድታየው አይፈልግም። ሩት ብትኖር ይገባት ነበር ይላታል። ካቲ ትቀየማለች፣ ግን እሺ ትላለች። በመጨረሻው ቀን ስለ ልገሳ አላወሩም። ቶሚ የነገራት በሄይልሻም ኳስ ሲጫወት የነበረውን ነው። ጎል ሲያገባ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ወደ ጓደኞቹ ይሮጣል። ሲሮጥ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ እየተንቦጫረቀ ያለ ይመስለው ነበር። ጥልቅ ውሃ አይደለም፣ ቢበዛ እስከ ቁርጭምጭሚቱ። ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር። ከዚያ ካቲ መኪናዋ ውስጥ ገባች፣ እሱም ቆሞ እጁን አወዛወዘላት።