ለእኔ መራራ ሻይ፣ ለሕፃኑ ለስላሳ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ይበርዳል ብዬ ዝም ብለው ጭራሽ ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ከረመ። ከጥፋቱ የእኔም ድርሻ አለበት፤ እሱን አልደብቃችሁም።

የእህቴ ልጅ የበኩር ልጇን የመጀመሪያ ልደት ልታከብር፣ እዚሁ አዲስ አበባ በምትኖርበት ኮንዶሚኒየም የጋራ አዳራሽ ጠራችን። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ፊኛው ተንጠልጥሏል፣ ድፎ ዳቦውና ኬኩ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ጥግ ላይ የለስላሳ ሳጥኖች ተደራርበዋል። ልጁ ነጭ ልብስ ለብሶ እናቱ ጭን ላይ ተሰይሟል። ክንዱ ላይ ክር የታሰረበት የሚመስል እጥፋት አለ፤ ጭኑም እንደዚያው። የገባው እንግዳ ሁሉ ጉንጩን ቆንጠጥ እያደረገ «ድንቡሽቡሽ! ምን ብታበዪው ነው? ከዓይን ያውጣው!» ይላል። እናቱ ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታዋ ግን ከልብ አልነበረም። ምክንያቱን አውቃለሁ።

ከልደቱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ልጁ ዘጠኝ ወር ሲሞላው፣ የኩፍኝ ክትባት ልታስከትበው ጤና ጣቢያ ወስዳው ነበር። ነርሷ መዘነችው፣ አጋድማ ቁመቱን ለካች፣ ካርዱ ላይ ያለውን መስመር አየችና ክብደቱ ከቁመቱ ቀድሞ መሄዱን ነገረቻት። አስርቢው አላለቻትም። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ እንዲከሳ አይደረግም፤ ቁመቱ እስኪደርስበት ክብደቱ እርምጃውን ቀስ እንዲያደርግ ነው የሚፈለገው። ጡትሽን ቀጥዪ፣ ጁስና ስኳር ያለበት ሻይ ከጡጦው አውጪ፣ ጠግቦ ፊቱን ሲያዞር እየተከተልሽ አታጉርሺው አለቻት። የእህቴ ልጅ ይህን በወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው። ቤተ ዘመድ ወረቀቱን እያነበበ ሳቀ። «ልጅ በወረቀት ልታሳድግ ነው» ተባለች።

ወደ ልደቱ ልመለስ። ሻማው ጠፋ፣ ኬኩ ተቆረሰ። እናትየዋ ልጁን ለአባቱ አክስት ሰጥታ ወደ ቡናው ሄደች። አክስቲቱ ጡጦውን ከቦርሳ አውጥታ የነበረውን ውሃ ደፋች። ከዚያም አንድ ለስላሳ አስከፍታ በብርጭቆ ቀዳችና በማንኪያ ታማስለው ጀመር። ጋዙ እንዲወጣለት ነው። ሆዱን እንዳይነፋው አዝናለታለች! አረፋው ሲጠፋ ወደ ጡጦው ገለበጠችና አፉ ውስጥ ከተተችው።

ልጁ ሁለት ጊዜ ሳበ። ፊቱን አኮማተረ፣ ከዚያ አንገቱን ወደ ግራ አዞረ። ጡጦው ወደ ግራ ተከተለው። ወደ ቀኝ አዞረ፤ ጡጦው ወደ ቀኝ። «አንዴ ለአባትህ! አንዴ ለእናትህ! አንዴ ለጋሼ!» እያለች ስትከተለው አዳራሹ አጨበጨበ። ስልኮች ወጡ። ልጁ ጭብጨባውን ሰምቶ ሳቀ፤ አፉ ሲከፈት ጡጦው ገባ። በዚህ መልኩ ከሩብ በላይ ጠጣው።

እናቱ የቡናውን ረከቦት ትታ እየሮጠች መጣች። «እትዬ፣ እባክዎን ይተዉት፤ ስኳር እንዳይሰጠው ተብሏል» አለች፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው።

«ማን ነው ያለው?»

«ነርሷ።»

«ነርሷ ወልዳለች?»

ሳቅ ሆነ። ከሁሉ የሚያስከፋኝ ያ ሳቅ ነው። ከዚያ አንድ አዛውንት ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ተናገሩ፤ «ልጄ፣ እኛ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ልጅ ስንቀብር ነው የከረምነው። ጠግቦ የሚያድር ልጅ ሰጥቶሽ ታማርሪያለሽ?» አዳራሹ ጸጥ አለ። የእህቴ ልጅ ዞራ እኔን አየችኝ።

እኔ ማን ነኝ? አሥራ አንድ ዓመት የስኳር ሕመም ያለብኝ ሰው። ጠዋት ጠዋት ጣቴን የምወጋ፣ ኪኒን በሳጥን የምገዛ፣ ባለፈው ዓመት የእግሬ ቁስል ለአራት ወር አልድን ብሎኝ ያየሁትን ያየሁ። በዚያው ቀን ኬኩ ሲታደል፣ ይህችው አክስት ሳህኑን በእጇ ከልላ «ለእሱ እንዳትሰጡት! ስኳር አለበት!» ብላ ጮኻልኛለች። ልክ የእህቴ ልጅ ዓይኗን ዓይኔ ላይ በጣለችበት ደቂቃ አንዲት ልጅ ሻይ ይዛልኝ መጣች። «ጋሼ፣ የእርስዎ ይኸው፣ ስኳር የሌለው ነው» አለችኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ለስልሳ ዓመት ሽማግሌ ጉበትና እግር ይጨነቃል። ዓመት ለሞላው ልጅ ያጨበጭባል።

መራራውን ሻይ በእጄ ይዤ «ተዪ ልጄ፣ ለአንድ ቀን ነው» አልኳት።

ለአንድ ቀን! እሷ ምንም አልመለሰችም። ወደ ኋላ ክፍል ገብታ የታጠቡ ሲኒዎችን እንደገና ስታጥብ አገኘኋት። ሲኒ እየታጠበ እንባ አይታይም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ ቆጠርኩ። እኔ እሑድ እሑድ ስጠይቃቸው ብስኩትና የታሸገ ጁስ ይዤ እሄዳለሁ። አያቱ ማክሰኞ ይመጣሉ፣ ከረሜላ አያጡም። የጎረቤት ልጆች ቺፕስ ያካፍሉታል። አጎቱ ደመወዝ ሲቀበል ቸኮላት ይገዛል። እያንዳንዳችን አንድ ቀን ብቻ ነን፤ ተደምረን ግን ሳምንቱን ሞላነው። እናቱ የቀራት አንድ ቀን እንኳ አልነበረም።

አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ በሻይ ማንኪያ ከሰባት በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት ስኳር ያለበት መጠጥ ጨርሶ መጠጣት እንደሌለባቸው ይናገራል። ጥቂት አይልም፤ ለልደት ቀን ብሎ የለየውም የለም። «ጁስ እኮ ፍራፍሬ ነው» ለምትሉኝ፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2017፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ጁስ አይሰጥ ብሏል። ብርቱካኑ ሲጨመቅ ስኳሩ ይተርፋል፣ የሚያጠግበው ቃጫው ይጣላል። እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ለራሴ ሲሆን ማሸጊያ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በመነጽር የማነብ ሰው ነኝ። ለልጁ ስገዛ ግን የማየው ሥዕሉን ነው።

በእኚያ አዛውንት ልቆጣ ሞክሬ አልሆነልኝም። በ1977 ዓ.ም. ሁለት ልጆች ቀብረዋል፤ አንዷ ከዚህ ልጅ ብዙም አትበልጥም ነበር። ለእሳቸው የሕፃን ክንድ ጎተራ ነው፤ ሲሞላ ክረምቱን ያሻግራል። ይህን ፍርሃት ከእናቶቻችን ጡት ጋር የጠባነው ሁላችንም ነን። «ከሳህ» ስድብ፣ «ወፈርክ» ምርቃት የሆነበት አገር ልጆች ነን። ግን የፈራነው ረሃብ በሩን እየቀየረ ሲገባ አላወቅነውም። በጎተራው ውስጥ ያለው እህል አልነበረም።

አሁን ደግሞ አንዳንዶቻችሁ «ሕዝብ እየተራበ አንተ ስለ ወፍራም ልጅ ታወራለህ» ልትሉኝ ነው። ልክ ናችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ፣ ከልክ በላይ የወፈሩት ግን 2 በመቶ ያህል ነበሩ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ውስጥ በዓይነትም በድግግሞሽም ለዕድሜያቸው የሚበቃውን ዝቅተኛ ምግብ ያገኙት ከመቶ ሰባት ብቻ መሆናቸውን ምን እንለዋለን? እንቁላል ያላየ ልጅ አንዱ ቤት ቀጭጮ፣ ሌላው ቤት በብስኩት ተነፍቶ ይቀመጣል። የጎደላቸው አንድ ነው። ወፍሮ ደም ያነሰው ልጅ አለ፤ ጉንጩን የሚቆነጥጥ እንግዳ ይህን በጣቱ አይለየውም።

ስለ እንቁላል ካነሳሁ አይቀር፣ ይህችን ላክልላችሁ። በዐቢይ ጾም ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ ለሕፃኑ እንቁላል ያልተቀቀለበትን ቤት አውቃለሁ፤ ቤቱ የእኛው ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም አላለችውም። እኛ ግን እንቁላሉን ነፍገን እጁ ላይ ብስኩት አስቀመጥንለት፤ ማሸጊያው ላይ «የጾም» የሚል ስላለበት። አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻ ማስቀመጥ ምን ያህል ያስቸግር ነበር?

እና በሞቴ ማለታችንን እንመርምረው። ትልቅ ሰው «በቃኝ» ሲል «በሞቴ!» እያልን ማጉረሳችን ያምርብናል፤ ቢበዛ እንግዳው ማታ ሆዱን ይነፋዋል። ሕፃን ግን ቋንቋው አንገቱ ነው። ፊቱን ማዞሩ በቃኝ ማለቱ ነው፤ ከንፈሩን መግጠሙም እንደዚያው። ጥጋብን የሚያውቅ ሆድ ይዞ ተወልዶ ነበር፤ እኛ ነን በጭብጨባ ያስረሳነው። አሁን ደግሞ ጭብጨባውን በስልክ ተክተነዋል፤ ካርቱን ከፍተን፣ ልጁ አፉን ከፍቶ ሲያይ እንደ ፖስታ ሳጥን እንከትበታለን። ምን እንደበላ አያውቅም፤ ምን ያህል እንደበላም አያውቅም።

ጎመን ቀምሶ ቢተፋ ደግሞ «አይወድም» ብለን ፋይሉን እንዘጋለን። ሕፃን አዲስ ጣዕምን ለመልመድ ስምንትም አሥርም ጊዜ መቅመስ ሊኖርበት ይችላል። እናንተስ ኮሶ ባይሆንም ቡናን የመጀመሪያ ቀን ወደዳችሁት? ስድስት ወር ከሞላው በኋላ የሚያስፈልገው የምናውቀው ነገር ነው፤ ጥራጥሬ የገባበት ወፈር ያለ ገንፎ፣ በርበሬ ያልበዛበት የሽሮ ፍትፍት፣ የተፈጨ ድንችና ካሮት፣ እንቁላል፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ከጡቱ ጋር ደግሞ ንጹሕ ውሃ። ሱፐርማርኬት የሚያስኬድ ከዚህ ውስጥ አንድም የለም።

እንግዶችን ምን ላድርጋችሁ? ልጅ ያለበት ቤት ባዶ እጅ አይገባም ያሉን ወላጆቻችን ናቸው፤ እኔም ባዶ እጃችሁን ግቡ አልልም። ሙዝ አለ፤ ኳስ አለ። እናትየዋ «አይሰጠውም» ስትል ግን ነርሷ ወልዳለች ወይ ብላችሁ አትጠይቁ። እናትየዋ ራሷ እኮ ወልዳለች።

የእህቴን ልጅ ይቅርታ የጠየቅኋት ዘግይቼ ነው። ባለፈው ወር እሑድ ሄጄ ልጁ ወለል ላይ ተቀምጦ በገዛ እጁ ፍትፍት ሲበላ አገኘሁት፤ ግማሹ ፀጉሩ ላይ ነው። ቁመቱ ጨምሯል፣ የክንዱ እጥፋት ሊጠፋ ምንም አልቀረው። መሐል ላይ ሳህኑን ገፋው። እሷ አነሳችው፤ «ትንሽ ጨምር» አላለችውም። ማቀዝቀዣው በር ላይ ያለችው ወረቀት ጠርዟ ተበልቷል፣ ግን አልተነሳችም። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። «ጋሼ፣ የእርስዎ ሳቅ ውስጥ አልነበረም፤ እሱን አይቻለሁ» አለችኝ። ምሕረት መሆን አለመሆኑን አላወቅኩም። አልሳቅሁም፤ እውነት ነው። ዝም ያለ ሰው ግን ሲያጨበጭብ አይታይም እንጂ እጁ ያው ነው።

ሁለተኛው ልደት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ኬክ ይኖራል፣ ከኬክ ጋር ጠብ የላትም። ለስላሳ ሳጥን ግን አይገባም ብላለች፤ ለልጆቹ ውሃና የተቆራረጠ ፓፓያ ልታቀርብ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ በር ላይ ይቁሙልኝ፤ የያዙትን እየተቀበሉ መኪና ውስጥ ያስቀምጡልኝ» ብላ ለምናኛለች። እሺ ብያለሁ፤ እግሬም እስከዚያ ይቆምልኛል።

አክስቲቱ ግን በኋላ በር በኩል እንደምትመጣ አውቃለሁ። ቦርሳዋም ትልቅ ነው።