ሚዛን ምን ይሠራል? አክስት አሉን!

መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚመዝኑን ልጆች ያሳዝኑኛል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይውላሉ። ሳንቲም ይቀበሉና የሚነግሩን ቁጥር ብቻ ነው። በቃ፣ ቁጥር! ከአክስት ጋር እንዴት ይወዳደራሉ? አክስት በር ላይ እንደቆሙ፣ ጫማ ሳያስወልቁ፣ በነጻ፣ ያውም ከነትንታኔው ይመዝኑናል። «ውይ! ምነው እንዲህ ወፈርሽ?» ሰላምታው ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

የዛሬ ዓመት ለዳግማይ ትንሣኤ እህቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። የእህቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነው። ገና ከጓዳ ብቅ ከማለቷ ትልቋ አክስታችን ክንዷን ቆንጠጥ አደረጉ፤ በግ ተራ ላይ የበጉን ሽንጥ እንደሚዳብሱት። «ይቺማ ለገና ትደርሳለች!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ። ልጅቷም ሳቀች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ሹራብ ደርባ ተመለሰች። የሚያዝያ ሙቀት ነው፣ እኛ በጋዜጣ እናራግባለን፣ እሷ ሹራብ። ብርድ ብርድ ብሏት ይሆናል አልን።

ማዕድ ሲቀርብ ያው የቆነጠጠው እጅ ጉርሻ ጠቅልሎ መጣ። «ብዪ እንጂ የኔ እናት! አፈር ስሆን! በሞቴ!» ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ? ወፈርሽ ያለው አፍና በሞቴ ብዪ የሚለው አፍ አንድ አፍ ነው። ይህን ጥበብ በየትኛውም የሕክምና ትምህርት ቤት አያስተምሩትም። ልጅቷ እንጀራውን ስትቆራርጥ፣ ዶሮ ወጡን ከወዲህ ወዲያ ስትገፋው ቆይታ፣ የድርሻዋን ለታናሽ ወንድሟ አጎረሰችው። «እንዴት ያለች ሩኅሩኅ ልጅ!» ተባለላት።

በሳምንቱ «ጾም ነኝ» ማለት ጀመረች። በበዓለ ኀምሳ! ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወቅት! ቄሱ በሚበሉበት ቀን የእኛ ልጅ ትጾማለች። ቤተሰቡ ኮራ። በዘመናችን እንዲህ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል?

ክረምቱ ሲወጣ ጉንጯ ጎደለ። ያኔ ነው ምርቃቱ የዘነበው። «አማረብሽ! ምን ተጠቅመሽ ነው? ለእኔም ንገሪኝ።» በሕይወቷ እንዲህ ተሞግሳ አታውቅም። ከክፍል አንደኛ የወጣች ጊዜ እንኳ ኬክ ነው የተገዛላት፤ አሁን ግን አክስቶች በየተራ ይደውሉላታል። ቲክቶክም ከጎኗ ቆመ፤ ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ፣ በሰባት ቀን ሰባት ኪሎ።

ሐኪሞች ነገር ማካበድ ይወዳሉ። በዚህ ዕድሜ ኪሎ መጨመር እድገት ነው፣ የልጃገረድ ዳሌ መስፋቱ ሥርዓቱ ነው ይላሉ። የወር አበባ የጀመረች ልጅ የበለጠ አይረን ያስፈልጋታል፣ ምግብ ስትቀንስ የወር አበባዋ ሊቀር፣ አጥንቷ ሊሳሳ፣ የልብ ምቷ ሊዘገይ ይችላል ይላሉ። አኖሬክሲያ የሚባለውን፣ ውፍረትን ፈርቶ ራስን የማስራብ ሕመምማ፣ ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ብዙ ሰው ከሚገድሉት ይመድቡታል። እኛ ግን «የፈረንጅ በሽታ ነው» ብለን ስለወሰንን ቦሌ ኤርፖርት ላይ ይያዛል።

ፊጂ የሚባል የደሴት አገር አለ። እዚያ ልክ እንደ ጥንቱ የእኛ አገር ቆንጆ የምትባለው ሞላ ያለችው ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1995 ናድሮጋ ወደሚባለው አካባቢ ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪ ያኔ ተማሪ ልጃገረዶችን ሲጠይቁ፣ ለመክሳት ብላ በልታ የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም። በ1998 ሲጠይቁ 11.3 በመቶ ሆነው ተገኙ። በሦስት ዓመት! ያውም በቴሌቪዥን ብቻ። እኛ ስልኩም አለን፣ አክስቶቹም አሉን። ፊጂ የት ትደርስብናለች?

ወንዶቹም አልተረሱም። «ምነው ስንጥር መሰልክ?» የተባለው የጎረቤታችን ልጅ አሁን ጂም ገብቶ ቁርስ ምሳው በወተት የተበጠበጠ ዱቄት ሆኗል። ለእሱም ጭብጨባ አልነፈግነውም።

የእህቴ ልጅ ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ወደቀች። ባንዲራው ገና ግማሽ እንኳ አልወጣም ነበር አሉ። ሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ወር አበባዋ ነበር። እህቴ ልጇን አየቻት፤ ልጅቷ ግድግዳውን አየች። አራት ወር ሆኖታል።

በማግሥቱ አክስታችን ሙዝና ብርቱካን በፌስታል ይዘው ሆስፒታል መጡ። ገና በሩን ሳይዘጉት «ውይ በስመአብ! ምነው እንዲህ ከሳሽ? አይመግቡሽም እንዴ?» አሉ። ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ሳበችው። እሳቸው ፌስታሉን አስቀመጡ፣ ወደ እኔ ዞሩ፣ ሆዴን መታ መታ አደረጉ።

«አንተማ ጨምረሃል።»